የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ማን ናቸው? ሥልጣንና ሹመት ስለሚምታቱበት ታሪካችን የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ ልጄ በትምህርት ቤት የጥያቄና መልስ ውድድር ላይ «የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ማን ናቸው?» ተብላ ብትጠየቅ «ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያም፣ ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም.» ብላ መለሰችና ስህተት ነው ተባለች። ትክክለኛው መልስ ተብሎ የተነበበው ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ነበር። ቤት ገብተን ስንነጋገር ወንድሜ «ጄኔራል አማን አንዶም ናቸው» አለ፤ እኔ ደግሞ በሽግግሩ ዘመን አቶ መለስ ዜናዊ ፕሬዚዳንት እንደነበሩ አስታውሳለሁ። ከአራቱ የትኛው ነው ትክክል?

ምላሽ፦ የተከበሩ ጠያቂ፣ ልጅዎ በስሙ ትክክል ናት፤ በዓመተ ምሕረቱ ግን ተሳስታለች። የውድድሩ ዳኛ ያነበበው መልስ የሚያስኬደው ጥያቄው «የፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ» የሚል ቅጽል ቢጨመርበት ብቻ ነው። የእርስዎም ትዝታ እውነት ነው፤ ነገር ግን አቶ መለስ የመጀመሪያው አልነበሩም። የወንድምዎ መልስ ከአራቱ ፈጽሞ የማያስኬደው ሲሆን፣ ስህተቱ ከየት እንደመጣ መረዳት ግን አይከብድም። የአንድ ቤት ሰዎች በአንድ ጥያቄ ላይ አራት የተለያየ መልስ መያዛቸው ራሱ ሊመረመር የሚገባው ጉዳይ ስለሆነ፣ ነገሩን ከሥሩ ለማስረዳት እንዲፈቅዱልኝ እጠይቃለሁ።

ለግራ መጋባቱ ዋናው ምክንያት በአማርኛ ንግግራችን «ሥልጣን» የሚለውን ቃል ለሁለት የተለያዩ ነገሮች መጠቀማችን ነው። አንዱ አንድ ሰው በእርግጥ የነበረው ኃይል ነው፤ ሌላው በአዋጅ ወይም በቃለ መሐላ የተቀበለው ሹመት ነው። ሁለቱ አንዳንድ ጊዜ በአንድ ሰው ላይ ይገናኛሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን ይለያያሉ። «አገሪቱን ማን ይመራ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ስለ መጀመሪያው የሚጠይቅ በመሆኑ ታሪክ ጸሐፊዎች ሊከራከሩበት ይችላሉ። «ማን ምን ሹመት ነበረው?» የሚለው ግን ለክርክር ብዙም ቦታ የለውም፤ አዋጁ ወጥቷል ወይም አልወጣም። ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ያለውን ዘመን በተመለከተ ደግሞ ነጋሪት ጋዜጣ የታተመበት ስለሆነ፣ አብዛኛው ጉዳይ ገጹን በመግለጥ የሚያልቅ ነው።

በዚህ ሚዛን የ1967ቱን ነገር እንመልከት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ሲወርዱ ሪፐብሊክ አልታወጀም። ብዙ ሰው ዘውዱ በዚያው ቀን እንዳበቃ ያስባል፤ በዕለቱ የወጣው አዋጅ ግን በጄኔቭ ሕክምና ላይ የነበሩት አልጋ ወራሽ መርዕድ አዝማች አስፋ ወሰን ወደ አገር ሲመለሱ እንደሚነግሡ የሚገልጽ ነበር። ማዕረጉም «ንጉሥ» እንጂ «ንጉሠ ነገሥት» አልነበረም፤ በአስተዳደርና በፖለቲካ ጉዳይ ሥልጣን የማይኖረው ርእሰ ብሔር ይሆናሉ ተብሎ ነበር። አልጋ ወራሹ አልተመለሱም፣ ዘውዱም አልተጫነላቸውም፤ ሆኖም ንጉሣዊው ሥርዓት በሕግ የተሻረው ከስድስት ወር በኋላ መጋቢት 12 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ደርግ አገር በሚያስተዳድርባቸው በእነዚያ ስድስት ወራት ኢትዮጵያ በወረቀት ላይ ንጉሥ የምትጠብቅ አገር ነበረች ማለት ነው። ይህን ያስታወሰ ሰው በመስከረም 1967 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ለመፈለግ አይነሣም።

ሌተና ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም በዚያን ጊዜ የያዙት ቦታ የጊዜያዊ ወታደራዊ አስተዳደር ደርግ ሊቀመንበርነት ነው። የሚገርመው እሳቸው ከየክፍሉ ተመርጠው ከመጡት የደርግ አባላት አንዱ አልነበሩም፤ በሠራዊቱ ዘንድ በነበራቸው ዝናና ክብር ከውጭ ተጠርተው በመንበሩ የተቀመጡ ሰው ናቸው። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ከደርጉ ጋር ተጣልተው ከሥራ ተለዩ፤ ኅዳር 14 ቀን ደግሞ ሁለቱ የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድና ልጅ እንዳልካቸው መኮንን፣ ከሌሎች ባለሥልጣናት ጋር በተረሸኑበት ሌሊት እሳቸውም በመኖሪያ ቤታቸው ተገደሉ። በመንበሩ የቆዩት ሁለት ወር ገደማ ነው። ወንድምዎ «ፕሬዚዳንት» ያሏቸው በውጭ ቋንቋ የተዘጋጁ የርእሳነ ብሔር ዝርዝሮች ወደ አማርኛ ሲመለሱ ሊቀመንበሩም፣ ተጠባባቂውም፣ እንደራሴውም «ፕሬዚዳንት» በሚለው አንድ ቃል ስለሚጠቀለሉ ይመስለኛል። በዚህ ዓይነት ዝርዝር ላይ ጄኔራል አማን ከንጉሠ ነገሥቱ ቀጥሎ ይቀመጣሉ፤ ተርጓሚውም ከንጉሥ ቀጥሎ የሚመጣ ሰው ፕሬዚዳንት መሆን አለበት ብሎ ይደመድማል።

ከሁሉ በላይ የተረሳው ሰው ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ኅዳር 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የደርጉ ሊቀመንበር ሆነው የተሾሙት ብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ ባንቲ ሲሆኑ፣ ሻለቃ መንግሥቱ ኃይለማርያም አንደኛ ምክትል ሊቀመንበር፣ ሻለቃ አጥናፉ አባተ ደግሞ ሁለተኛ ምክትል ሊቀመንበር ነበሩ። ጄኔራል ተፈሪ በዚህ መንበር ላይ እስከ ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. ድረስ፣ ማለትም ከሁለት ዓመት በላይ ተቀምጠዋል። ልብ ይበሉ፤ ሶሻሊዝም የመንግሥት መመሪያ ተብሎ የታወጀው በታኅሣሥ 1967 ነው፤ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት የተደረገበት አዋጅ የወጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ነው፤ ዘውዱ የተሻረው በመጋቢት፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የተወረሰው በሐምሌ፣ ንጉሠ ነገሥቱ አረፉ የተባለው ነሐሴ 21 ቀን ነው፤ የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም የወጣው ደግሞ በሚያዝያ 1968 ነው። በእነዚህ ሁሉ ቀኖች የአገሪቱ ርእሰ ብሔር ሆነው በሹመት የተቀመጡት ተፈሪ ባንቲ ናቸው። ዛሬ ግን «መሬት ላራሹ በመንግሥቱ ጊዜ ታወጀ» ስንል ስማቸው ከአፋችን አይወጣም።

እርግጥ ነው፣ እውነተኛው ኃይል በማን እጅ ነበር የሚል ሙግት ሊነሣ ይችላል። እኔም በደርጉ ውስጥ የመንግሥቱ ድምፅ ከመጀመሪያው ጀምሮ ከባድ እንደነበር አልክድም፤ ጄኔራል አማን ከሥራ ከተለዩበት እስከ ጄኔራል ተፈሪ ሹመት ድረስ ባሉት ቀናትም አንዳንድ ዝርዝሮች መንግሥቱን ተጠባባቂ ሊቀመንበር አድርገው ይመዘግቧቸዋል። ሆኖም የሊቀመንበርነት መንበሩ ባዶ ጌጥ አልነበረም። ባዶ ጌጥ ቢሆን ኖሮ በታኅሣሥ 1969 የወጣው አዋጅ ያን ሁሉ ደም ባላፋሰሰ ነበር። ያ አዋጅ የደርጉን አደረጃጀት ለውጦ የሊቀመንበሩን ቦታ ሲያጠናክር፣ መንግሥቱን ወደ ሚኒስትሮች ምክር ቤት ሊቀመንበርነት ገፍቷቸው ነበር፤ ሻምበል ዓለማየሁ ኃይሌም የደርጉ ዋና ጸሐፊ ሆኑ። አዋጁ ከወጣ ከአምስት ሳምንት ገደማ በኋላ ጄኔራል ተፈሪና ሻምበል ዓለማየሁን ጨምሮ የለውጡ ደጋፊዎች በጥር 26ቱ ዕለት ተገደሉ፤ መንግሥቱም የካቲት 4 ቀን 1969 ዓ.ም. የደርጉ ሊቀመንበር ተባሉ። በሹመት ላይ ያለው ልዩነት የወረቀት ጉዳይ ብቻ ነው ለሚሉኝ ተማሪዎች ሁልጊዜ የምጠቅሰው ይህን ነው። ሰዎቹ ራሳቸው ለሹመቱ ስም ያን ያህል ዋጋ ከሰጡት፣ እኛ አቅልለን የምናይበት ምክንያት አይታየኝም።

ከየካቲት 1969 በኋላም ቢሆን «ፕሬዚዳንት» የሚለው ስም ገና አልመጣም። ለአሥር ዓመት ተኩል ያህል በራዲዮ ይነበብ የነበረው የኮሎኔል መንግሥቱ ረጅም የማዕረግ ዝርዝር ሊቀመንበርነትን ከሠራዊት አዛዥነት ጋር የሚደራርብ ነበር። በታኅሣሥ 1972 የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ አደራጅ ኮሚሽን (ኢሠፓአኮ) ሲቋቋም የእሱም ሊቀመንበር ሆኑ፤ በመስከረም 1977 የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ ሲመሠረት ደግሞ ዋና ጸሐፊ ተባሉ። ያን ጊዜ ትምህርት ቤት የነበርን ሰዎች «ጓድ ሊቀመንበር» ስንል እንጂ «ክቡር ፕሬዚዳንት» ስንል አናስታውስም። በጥር 1979 በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው ሕገ መንግሥት የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክን ፈጠረ፤ በዚያው ዓመት ጳጉሜ ብሔራዊ ሸንጎው ኮሎኔል መንግሥቱን የሪፐብሊኩ ፕሬዚዳንት አድርጎ መረጠ። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ከአገር እስከወጡበት ድረስ ሲቆጠር በፕሬዚዳንትነት የቆዩት ሦስት ዓመት ከስምንት ወር ገደማ ነው። ልጅዎ «ከ1967 እስከ 1983» ያለችው ስለዚህ ሦስት የተለያዩ ሹመቶችን፣ ማለትም ምክትል ሊቀመንበርነትን፣ ሊቀመንበርነትንና ፕሬዚዳንትነትን፣ በአንድ ስም ጠቅልላ ነው። «አሥራ ሰባት ዓመት የገዙት» የሚለው የተለመደ አባባልም የደርግን ዕድሜ የሰውየው ዕድሜ ያደርገዋል፤ በርእሰ ብሔርነት የቆዩት አሥራ አራት ዓመት ከሦስት ወር ያህል ነው።

ከእሳቸው በኋላ ወዲያው አቶ መለስ አልመጡም። በምክትል ፕሬዚዳንትነት ከተሾሙ ጥቂት ሳምንታት ብቻ የሆናቸው ሌተና ጄኔራል ተስፋዬ ገብረ ኪዳን እስከ ግንቦት 20 ድረስ ለአንድ ሳምንት ተጠባባቂ ፕሬዚዳንት ነበሩ። በጠቅላይ ሚኒስትርነት በኩልም ተመሳሳይ መርሳት አለ። ከመስከረም 1967 እስከ ጳጉሜ 1979 ድረስ ጠቅላይ ሚኒስትር የሚባል ሹመት አልነበረም፤ የሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊኩ የመጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሻምበል ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ ናቸው፤ ቀጥሎ አቶ ኃይሉ ይመኑ በተጠባባቂነት፣ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ደግሞ የመንግሥትን ልዑካን ይዘው ለንደን ለድርድር የሄዱት አቶ ተስፋዬ ዲንቃ ይህን ቦታ ይዘዋል። ኮሎኔል መንግሥቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ተብለው የተሾሙበት ጊዜ የለም።

ወደ እርስዎ ትዝታ ልመለስ። አቶ መለስ በሽግግሩ ዘመን፣ ከ1983 እስከ 1987 ዓ.ም.፣ የሽግግር መንግሥቱ ፕሬዚዳንትና የተወካዮች ምክር ቤቱ ሊቀመንበር ነበሩ። በእነዚያ አራት ዓመታት ጠቅላይ ሚኒስትሩ አቶ ታምራት ላይኔ ናቸው። ሆኖም ብዙ ጽሑፍ አቶ መለስን «ከ1983 እስከ 2004 ጠቅላይ ሚኒስትር» ሲላቸው አያለሁ፤ ከዚያም አልፎ አቶ ታምራትን «ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር» ብቻ አድርጎ የሚያስቀምጥ አለ። ምክትልነቱ ከ1987 በኋላ የመጣ ነው፤ ከዚያ በፊት ዋናው እሳቸው ነበሩ። ሰው በመጨረሻ በያዘው ቦታ ይታወሳል፤ ያም ትዝታ ወደኋላ እየተዘረጋ የቀደሙትን ዓመታት ይሸፍናል።

በነሐሴ 1987 የፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊኩ ሕገ መንግሥት በሥራ ላይ ሲውል የሹመቶቹ ትርጉም ተገለበጠ። በአንቀጽ 69 መሠረት ፕሬዚዳንቱ ርእሰ ብሔር ነው፤ በአንቀጽ 74 መሠረት ግን የአገሪቱ ከፍተኛ አስፈጻሚና የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። አቶ መለስ ከፕሬዚዳንትነት ወደ ጠቅላይ ሚኒስትርነት ሲሻገሩ ዝቅ አላሉም፤ ኃይሉ ከስሙ ተለይቶ አብሯቸው ተሻገረ። ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ የያዙት ፕሬዚዳንትነት ስለዚህ ስሙ ከኮሎኔል መንግሥቱ ሹመት ጋር አንድ ይሁን እንጂ ሥራው ሌላ ነው። የፌዴራላዊው ሪፐብሊክ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ናቸው፤ እስከ 1994 ዓ.ም. ለአንድ የስድስት ዓመት ዘመን አገልግለው በመቶ አለቃ ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ተተኩ። የውድድሩ ዳኛ ምናልባት ያሰበው ይህን ይሆናል፤ ግን ያልጠየቀውን ጥያቄ መልስ ከልጅቷ መጠበቁ ተገቢ አልነበረም።

ይህ ችግር በዘመነ ሪፐብሊክ የተጀመረ እንዳይመስልዎ በዘመነ ነገሥት ያለውንም ጥቂት ላንሣ። በመደብር የሚሸጡ የነገሥታት ሥዕሎች ላይ ልጅ ኢያሱ «ንጉሠ ነገሥት» ተብለው ይጻፋሉ። ዳግማዊ ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ እስከ መስከረም 17 ቀን 1909 ድረስ ዙፋኑ በእጃቸው ነበር፤ ዘውድ ግን አልጫኑም፣ ቅብዓ ንግሥም አልተቀበሉም። አባታቸው ራስ ሚካኤል በ1906 የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ሲጭኑ ልጃቸው «ልጅ ኢያሱ» እንደተባሉ ቀሩ፤ ንጉሥ አባት ዘውድ ላልጫነ ልጁ ተገዢ የሆነበት ይህን የመሰለ ሌላ ምሳሌ በታሪካችን አላውቅም። ሰውየው የአገሪቱ ገዢ አልነበሩም ማለቴ አይደለም፤ ማዕረጉን አልተቀበሉም ማለቴ ነው።

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ነገር እንደዚሁ ነው። «ከ1909 ጀምሮ ነገሡ» የሚለው አባባል አሥራ አራት ዓመት ይጨምርላቸዋል። በ1909 የነገሡት ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ሲሆኑ፣ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽና ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ነበሩ። መስከረም 27 ቀን 1921 ንጉሥ ተባሉ፤ ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ መጋቢት 24 ቀን 1922 ሲያርፉ ዙፋኑ ወደ እሳቸው መጣ፤ ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው። «ንጉሥ» እና «ንጉሠ ነገሥት» በእኛ ቋንቋ ሁለት ማዕረጎች መሆናቸውን የዘነጋ ጸሐፊ የ1921ንና የ1923ን በዓል አንድ አድርጎ ሲጽፍ ብዙ ጊዜ አጋጥሞኛል። በእነዚያ የእንደራሴነት ዓመታት ራስ ተፈሪ የአገሪቱን የውጭ ጉዳይ ይመሩ፣ ኢትዮጵያንም በ1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር ያስገቡ ነበር፤ በዙፋኑ ላይ የተቀመጡት ግን የምኒልክ ልጅ ናቸው። ዘውዲቱን ከነገሥታት ዝርዝር የሚያወጣ ሰው የሚሠራው ስህተት ተፈሪ ባንቲን ከሚረሳው ሰው ስህተት ጋር አንድ ነው።

ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ «የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር» ሲባሉም ይሰማል። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የሰጧቸው የጦር ሚኒስትርነትን ነው፤ በዚሁ ሹመት እስከ ዕለተ ሞታቸው 1919 ዓ.ም. ቆዩ። በምክራቸው ክብደት ከሚኒስትሮች ሁሉ ቀዳሚ መሆናቸው አያከራክርም፤ ጠቅላይ ሚኒስትርነት ግን ሥራውና ወሰኑ በሕግ ተጽፎ በነጋሪት ጋዜጣ የወጣው ከነፃነት በኋላ በ1935 ዓ.ም. ሲሆን፣ ስሙም ከቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው ጋር የተያያዘ ነው።

ጉዳዩን በእጅዎ ማረጋገጥ ቢፈልጉ አንድ መንገድ ልጠቁምዎ። ስለ አንድ መሪ «ምን ነበሩ?» ብለው ከመጠየቅ ይልቅ «በየትኛው ቀን በወጣ ሰነድ ምን ተባሉ?» ብለው ይጠይቁ፤ ቀኑንም በእኛ አቆጣጠር ይያዙት፤ ከፈረንጆቹ ሲመልሱ አንዳንዴ ሰባት፣ አንዳንዴ ስምንት ዓመት እንደሚቀነስ አይርሱ። የካቲት 4 ቀን 1969 ሊቀመንበር የሆኑ ሰው በአንዳንድ አማርኛ ጽሑፍ «በ1970» ሲባሉ የሚገኙት ከ1977 ላይ ሰባት ተቀንሶ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ ካልሆነ በስተቀር የሚቀነሰው ስምንት ነው።

ለትምህርት ቤቱ ማሳሰቢያ መጻፍ ከፈለጉ ጥያቄው ከሁለት በአንዱ መንገድ ቢስተካከል ይበቃል። «በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ፕሬዚዳንት በሚል የሹመት ስም የተሰየሙት ማን ናቸው?» ከተባለ መልሱ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያም፣ ጳጉሜ 1979 ነው። «የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት» ከተባለ ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ፣ ነሐሴ 1987 ነው። በተጠየቀችው ጥያቄ መሠረት ልጅዎ ለስሙ ነጥቧ ይገባታል፤ «ከ1967» ላለችው ግን እኔም ዳኛው ብሆን ነጥብ አልሰጣትም ነበር።